ታውኖ ቅቤ የተወበት ዘመን

ወንድሜ ታውኖ እንጨት ቆራጭ ነበር። በእኛ በምሥራቅ ፊንላንድ ወንድ በበረዶው ወራት ጫካ ይውላል፣ በሙቀቱ ሣር ያጭዳል፣ ላሞቹ የሰጡትንም ሳይሳሳ ይበላል። ገንፎው መሀል ተጎድጉዶ ቅቤ ካልሞላበት ሚስትየዋ ንፉግ ትባላለች። ቅባቱ የወጣለት የላም ወተት ለአሳማ የሚሰጥ ነው።

አባታችን በአርባ ስድስት ዓመቱ ሣር ሲያጭድ ወድቆ ቀረ። አጎታችንም ገና በጎልማሳነቱ እንደዚያው ሄደ። ልባቸው ነው ተባለ፤ በመንደራችን የብዙ ወንድ ልብ እንደዚያ ስለነበር ማንም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። የታውኖ የተረከዝ ጅማት እንደ አባታችን አብጦ ጠጥሮ ነበር። ቦት ጫማው ነው ብለን ተውነው።

አርባ ሦስት ሲሞላው ነርሶች መጥተው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የመንደሩን ሰው ደም ቀዱ። የታውኖን ውጤት ነርሷ ማመን አቅቷት ደሙን ደግማ ቀዳች። ከተማ ሲላክ ሐኪሙ ተረከዙን ዳሰሰና ስለ አባታችን ጠየቀው። ቅቤውም ሲጋራውም እየጎዱት እንደሆነ፣ ዋናው ግን አብሮት የተወለደ መሆኑን፣ ሰውነቱ ኮሌስትሮሉን ከደሙ ማጥራት እንደማይችል ነገረው። ታውኖ ከሐኪሙ ቃል ይዞ የተመለሰው የቅቤውንና የሲጋራውን ነገር ብቻ ነው። እነሱን መተው ይቻላላ።

ሚስቱ ሄልቪ ገንፎውን በውሃ ታገነፋ ጀመር። ቅባቱ የወጣለትን፣ የአሳማውን ወተት እሱ እንዳያፍር ቀድማ ራሷ ትጠጣ ነበር። ጫካ ውስጥ ጓደኞቹ አላስቀመጡትም።

«ታውኖ፣ አሳማህ ታዲያ ምን ሊጠጣ ነው?»

«አሳማዬማ ቅቤ ጀምሯል። ካንተ ፊት የሱ ያምራል።»

ለሄልቪ ብቻ፣ አባቱን በዕድሜ መብለጥ እንደሚፈልግ ነግሯታል። ልጃቸው ሳቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

በዓመቱ ደሙ እንደገና ታየ። ኮሌስትሮሉ የወረደው ጥቂት ነው። ሐኪሙ በውሃ የሚበጠበጥ የመድኃኒት ዱቄት ሰጠው፤ ሆዱን አስጨነቀው እንጂ ብዙ አልፈየደለትም።

«ታዲያ ቅቤዬን ለምን ነጠቃችሁኝ?» አለው ታውኖ።

«ባይተዉት ኖሮ የባሰ ነበር።»

«የባሰውስ መቼ ነው የሚመጣው?»



በማግስቱ ታውኖ ገንፎውን እንደ ዱሮው እንድታደርግለት ሄልቪን ጠየቃት። ቅቤውን ሞላችለት። ሁለት ማንኪያ ጎረሰና ሳህኑን ገፋው።

«ከበደኝ» አለ። «ምላሴም ከድቶኛል መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ የቀድሞውን አልጠየቀም፤ የቀረበለትን ይበላ ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ በአርባ አምስት ዓመቱ፣ ከቤቱ ጀርባ እንጨት ሲደረድር ሞተ። ሄልቪ ለምሳ ልትጠራው ወጥታ አገኘችው። በቀብሩ ዕለት አንዲት ጎረቤታችን አጠገቤ ላለችው «ረሃብ ነው የገደለው» አለቻት። «ያን የመሰለ ወንድ በአሳማ ወተት ይኖራል?» ሄልቪ ሰምታለች። ቡናውን መቅዳቷን አላቋረጠችም።

ከወር በኋላ ሳቱን ይዘን ከተማ ሄድን። ሐኪሙ የልጅቱም ደም እንደ አባቷ መሆኑን ዝግ ባለ ድምፅ ነገረን። ሳቱ በሩ አጠገብ ቆማ የኮቷን ቁልፍ ትቆልፍ ነበር።

«ምን ላብላት?» አለች ሄልቪ።

ቅቤውን እንድታስቀር፣ ቅባቱ የወጣለትን ወተት እንድትሰጣት፣ ዓሣና ድንች እንድታበዛ መዘርዘር ጀመረ።

«እሱንማ ሞክረነዋል» አለችው።