«ሆዴ ብሶብኛል» ያልኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ሆሳዕና ከተማ ገና ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን ሆዴ በተነሳብኝ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ አይታመንም። ትንሽ ስጨነቅ ቁርጠት፣ ከዚያ ሩጫ ነው። አፍሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ ታደሰና ሽኩር በትምህርት ቤት ዕረፍት «ድንኳን ይዘን እስከ ሙዱላ በእግር እንሂድ» ሲሉኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

ዘዴ ነበረኝ። ወተትና ቅቤ አልነካም፤ ኪሴ ውስጥ ቆሎ አለ። ሲያጣድፈኝ ወፍ የማይ እየመሰልኩ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ድንኳን ስንተክል ደግሞ ለቁጥቋጦው የሚቀርበውን ጎን ቀድሜ እይዛለሁ። ሁለቱ «ይሄ ሰውዬ ከወፍ ጋር ሊጋባ ነው» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።

ሀደሮን አልፈን መሸት ሲል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከቤታቸው ፊት ያለው ሣር ላይ ድንኳን እንድንተክል ፈቀዱልን። ወዲያው ትኩስ ቆጮ በአይብና በቅቤ፣ ከጎኑም ወተት ቀረበ። እንግዳ ሆኖ አልበላም ማለት ነውር ነው። ሆዴ ደግሞ መጮህ ጀምሯል። ጓደኞቼ እንዳይሰሙ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሆዴ ብሶብኛል» አልኳቸው በሹክሹክታ።

እሳቸው የሰሙት «ሆድ ብሶኛል» የሚለውን ነው። አማርኛ ለእሳቸው የገበያ ቋንቋ ነው፤ እኔም ድምፄን ውጬ ነበር። የወተቱን ዋንጫ አስቀመጡና ወደ ጓደኞቼ ዞሩ።

«ይሄን ልጅ ምን አደረጋችሁት?»

ሁለቱ ተያዩ። «ኧረ ምንም» አለ ታደሰ።

«ምንም ያልሆነ ሰው ሆድ አይብሰውም። እኔ ደጅ እንግዳ አዝኖ አያድርም። ተናገሩ።»

እንዳላስተባብል ቁርጠቱ አፌን ዘጋው። ይባስ ብሎ ሽኩር አንገቱን ደፍቶ፣ «መንገድ ላይ ስንቀልድበት ነበር፤ እንዲህ የሚሰማው አልመሰለንም» አለ። ሽማግሌው ተነስተው ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አዘዙ። ታደሰ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ እኔ ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም። አልፌው ከቤቱ ጓሮ ወዳለው እንሰት ሮጥኩ።

ከኋላዬ የሽማግሌው ድምፅ ተሰማኝ።

«ተዉት፤ ያልቅስ።»

ስመለስ ሽኩር ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም። ሰው ባልሠራው ጥፋት ሲያዝን እያየሁ መደበቁ አሳፈረኝና እውነቱን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«እና ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻህን ነው የታመምከው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ የእውነት ሆድ ባሰኝ።

በማግስቱ መንገድ ላይ ጓደኞቼ ስቆም ቆሙልኝ፤ ስቀመጥም ተቀመጡ። እኚያ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሆዴ እስካሁን አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ግን ብቻዬን አልታመምኩም።