ደባርቅ ላይ የደረቀው ሲሚንቶ

ሐሙስ ሲነጋ፣ ጎንደር

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። ረዳቱ «ዳባት፣ ደባርቅ!» እያለ ይጮኻል፤ የሚሰማው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ቅዳሜ የእናቴ ሙት ዓመት ነው። ደባርቅ ያለው መቃብሯ እስካሁን አፈር ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ላስገነባው ነው ከአዲስ አበባ የመጣሁት። ወንድምም እኅትም የለኝም፤ ስለዚህ ወጪውን የሚጋራኝ ቀርቶ በአሠራሩ የሚጨቃጨቀኝ ሰው እንኳ የለም።

ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ከዚሁ ልጫን ብዬ ሾፌሩን ጠየቅሁት። ሳቀ።

«ጋሼ፣ እሱን እንኳ ይተዉት። ኬላ ላይ ደብዳቤ ይጠይቁዎታል። ምን ልሠራ ነው ሊሏቸው ነው?»

«መቃብር።»

«ለመቃብር የግንባታ ፈቃድ አለ እንዴ?»

የለም። ባዶ እጄን ጋቢና ገባሁ።

ረፋድ፣ ዳባት

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ያለው ታርሶ ዝናብ የሚጠብቅ ጥቁር መሬት ነው፤ አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ፣ አልፎ አልፎ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግድግዳው ግን ገና ያልተመረገ ቤት። ዳባት ለቁርስ ቆምን። እንቁላል ፍርፍሩ ጥሩ ነበር፤ ብቻዬን ስለበላሁ ቶሎ አለቀ። ከምግብ ቤቱ ጎን የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አለ። በሩ ላይ የሲሚንቶ ዋጋ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተለጥፏል፤ አዲስ አበባ ካየሁት ዋጋ አንድ ሳንቲም አይበልጥም።

«ዋጋው ይኸው» አለችኝ ባለሱቋ።

«ሲሚንቶውስ?»

«ዋጋው ነው ያለው።»

መንግሥት ያወጣው የዋጋ መመሪያ ክፉ ሐሳብ የለውም። ሩቅ ያለ ሰው በሩቅነቱ ለምን ይቀጣል ብሎ ሲሚንቶና ብረት በየከተማው በአንድ ዋጋ እንዲሸጥ አዘዘ። የጭነቱን ሒሳብ ግን ሳያነሳው አለፈ። ተራራው በወረቀት ላይ ተደልድሏል፤ ይህን ያልሰማው በሁለተኛ ማርሽ የሚያቃስተው የእኛ ሚኒባስ ብቻ ነው። ወዳጆቼ ነጋዴ ስግብግብ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ስግብግብ ነጋዴ ቢያንስ ሲሚንቶ ይኖረዋል እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ወዳጆቼም አንሰዋል።

ከሰዓት፣ ደባርቅ

ደባርቅ ጉም ውስጥ ነች። ግንበኛው ማሩ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ድንጋዩ ሞልቷል ጋሼ። ያለ ሲሚንቶ ግን አንድ ክረምት አይሻገርም፤ ጎርፉ ይዞት ይወርዳል። እስቲ ሐጂ ሰዒድን ይሞክሯቸው።»

ሐጂ ሰዒድ ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጡ ያረጁ የእናቴ ጎረቤት ናቸው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ሲሚንቶ አለኝ» አሉ። «ና ላሳይህ።»

በሱቁ ግድግዳ ሥር ከረጢቶች ተደርድረዋል። አናታቸው ከመቀመጥ ብዛት ለስልሷል። ነካሁት፤ ድንጋይ ነው።

«ካቻምና ከጎንደር ያመጣሁት ነው። ጭነቱን ጨምሬ እንዳልሸጥ መመሪያ አለ፤ ከስሬ እንዳልሸጥ ልጆች አሉኝ። ይስተካከላል ሲሉን ጠበቅሁ። ክረምቱ ግን አልጠበቀኝም።»

«በጓሮ የሸጡ የሉም?»

«አሉ እንጂ። እነሱ አሁን ፎቅ አላቸው። እኔ አግዳሚ ወንበር አለኝ።»

ፈገግ ብለው ከረጢቱን መታ መታ አደረጉት።

«እናትህ እዚህ ነበር የሚቀመጡት። ኔትወርኩ ከዚህ ነው የሚይዘው። እሑድ እሑድ ስልክህን እዚችው ሆነው ይጠብቁ ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ስናወራ ግን ከድምጿ ኋላ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ እሰማ ነበር። የደባርቅ ዝናብ ይመስለኝና አልጠይቃትም ነበር። ወዲያው አንድ ገበሬ ሚስማር ሊገዛ መጣ። ሐጂ ሰዒድ ገብተው ከካርቶኑ ወደ ሚዛኑ ሲያፈሱለት ያው ድምፅ መጣ። ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ገበሬው እንደሄደ፣ «ውሰዳቸው» አሉኝ። «ማሩ ይደርድራቸው። ይኼን ጎርፍ አይነቀንቀውም።»

«ዋጋቸውስ?»

«ዋጋ የወጣው ለሲሚንቶ ነው። ድንጋይ ላይ ገና አልደረሱም።»

«እርስዎስ ምን ላይ ይቀመጣሉ?»

«እኔ ውስጥ ወንበር አለኝ። ይኼኛው የእናትህ ነበር።»

ዓርብ፣ ቤተ ክርስቲያን

በጋሪ አመላለስናቸው። ሐጂ ሰዒድ እስከ ቅጥሩ በር ሸኙንና እዚያው ቆሙ። ማሩ እንደነገረኝ የቀብሯም ዕለት እዚያው ቆመው ነበር።

ማሩ ከረጢቶቹን እየገፈፈ ደረደራቸው፤ ክፍተቱን በጭቃ ደፈነው። ከረጢቱ ቢገፈፍም እጥፋቱና የስፌቱ ጥርስ ድንጋዩ ላይ ቀርቷል። የተነባበሩ ትራሶች ይመስላሉ።

«አያምርም ብዬ ነበር» አለ፣ ራቅ ብሎ እያየ።

አንድ ተረፈ፤ አናቱ በጣም የለሰለሰው። ማሩ ከመቃብሩ ጎን አስቀመጠው፣ ዕቃውን ሰበሰበና ሄደ። ተቀመጥኩበት። እጄ ስልኬን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ቢሆንም ቆየሁ።