የእንጦጦ ሽብሽብ

ፒያሳ ያለው ፎቶ አንሺያችን ሳያስፈቅደኝ የእንጦጦን ሽብሽብ አጥፍቶብኛል። ብዕር ያነሳሁት ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያየሁትን ለመጻፍ ግን ይበቃል።

የልጅ ልጄ የሟች ባለቤቴን ካሜራ ከቁም ሳጥን አውጥታ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከተተችበት። ክረምት ነው፤ የጠዋቱ ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። እሪ በከንቱ ካለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆመን ወደ ሰሜን ስናይ እንጦጦ ደመና ታጥቋል። ከደመናው በታች ጎርፍ የቦረቦረው ፈፋ ሁሉ ጠቁሮ ይታያል።

«እማዬ፣ አረንጓዴውን እርሺው፤ ጨለማና ብርሃኑን ብቻ እዪና አንሺ» አለችኝ።

ትንፋሼን ይዤ አንዴ ተጫንኩት። ያን ቀን እስኪመሽ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ፊልሙን ለፎቶ አንሺው ሰጠነው። በሳምንቱ ስንሄድ ፎቶዬን አትሞ መስኮቱ ላይ ሰቅሎታል። ተራራው ግን እንደ ሙሽራ ጉንጭ ለስልሷል። አንድ ፈፋ የለም።

«ፈፋዎቹ የት ሄዱ?» አልኩት።

«አሳመርኩልዎት እንጂ፣ እማማ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ለመታወቂያ ሲነሱ የእርስዎንም ሽብሽብ አጥፍቼልዎት ነበር። ያኔ መርቀውኝ ነው የሄዱት።»

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። እውነቱን ነው፣ መርቄዋለሁ። ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ለራሴ ሲሆን ደስ ብሎኝ የተቀበልኩትን ለተራራው ስቃወም ፍርዴ ልክ አይደለም። በማግስቱ ተመለስኩ።

«ያን ምርቃት አንስቻለሁ። አሁን እኩል ነን፤ ተራራዬን መልስ።»

«ተራራው ራሱ ምንም አላለኝ። እርስዎ ጠበቃው ነዎት?»

«ነኝ።»

በርጩማዬን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ይሄ እንጦጦ አይደለም» እላለሁ። ከአትክልት ተራ ካሮት ተሸክሞ የሚመጣ ወዛደር ቆም ብሎ አየና «ታዲያ የት ነው?» አለኝ።

«እሱን ጠይቀው።»

ሸክሙን እንደያዘ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ ይሄ ተራራ የየት አገር ነው?» ብሎ ጮኸ። ፎቶ አንሺው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ።

«ይግቡ፣ እማማ። አሸንፈውኛል።»

እኔንና የልጅ ልጄን ፊልም ወደሚያጥብበት ጨለማ ክፍል አስገባን። ለካ ሽብሽብ የሚያጠፋው ፊልሙ ላይ በቀጭን እርሳስ እየሞላ ነው። እርሳሱን በጥጥ ቀስ አድርጎ ጠረገው። ከዚያ በቀዩ መብራት ሥር ነጩን ወረቀት ሳህን ላይ ባለው የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ነከረው። ሦስታችንም ሳህኑ ላይ አጎነበስን። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ብቅ ያሉት ፈፋዎቹ ነበሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም። ደመናው ኋላ ቀስ ብሎ መጣ። የልጅ ልጄ ክንዴን ጨመቀችው። እኔማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ጥያቄዬን ግን አልረሳሁም።

«አሁን ንገረኝ፤ ማን አዘዘህ?»

ወረቀቱን ከመድኃኒቱ አንስቶ ውሃው እስኪንጠባጠብ ጠበቀ።

«ማንም አላዘዘኝም፣ እማማ። ፊልሙን ሳየው የሰው ፊት መሰለኝ፤ እጄ ደግሞ ፊት ሲያይ አያስችለውም።»