በበረዶው ላይ የቀረው ሰው

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ቤቴ መጥቶ ነበር። ምሳ በልተን ስናበቃ ወጣቶቹ ስልካቸውን እየተቀባበሉ ክርክር ጀመሩ። ወንድ የሆነ ሁሉ ሳያየው መሞት የሌለበት የድሮ ፊልም የትኛው ነው? አንዱ የጦርነት ፊልም አለ። ሌላው የወንበዴዎች ታሪክ ካልሆነ አልሰማም አለ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ስሙን በቅጡ መጥራት የማልችለውን የጃፓን ፊልም ይዞ ሙጭጭ አለ። "አንተስ ጋሼ?" ሲለኝ፣ "እኔ ፊልም አላውቅም" ብዬ ተነሥቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

ውሸቴን ነበር። ያንን ክርክር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከእትዬ ዘውዴ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንት ቅዳሜ ተከራክረንበታል።

እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ጉም ለብሶ ላደገ ሰው ቆላ ቀላል አይደለም። መምህር ሆኜ ሸዋ ሮቢት ስመደብ፣ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ቆርቆሮ ሲንጣጣ ልጆቹ የማስተምረውን ሳይሆን የግንባሬን ላብ ይመለከቱ ነበር። እያደር ግን አገሩ ወሰደኝ። ሎሚ የተጨመቀበት ፓፓያ፣ ማታ ማታ ከሮቢ ወንዝ በኩል የሚመጣው ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ፣ ከደሴና ከአሰብ የሚመጡ ከባድ መኪናዎች ጩኸት፣ ይህን ሁሉ ለመድኩት። ከሁሉ በላይ ያላመዱኝ ግን ሁለት ጓደኞቼ ናቸው።

አንደኛው ግርማ ነው። የከባድ መኪና ረዳት ስለነበር አዲስ አበባ በገባ ቁጥር ሲኒማ ቤት ሳይገባ አይመለስም። ሁለተኛው ስራጅ ነው። ከከተማው ወረድ ብላ ካለች የአርጎባ መንደር ማሾና ሽንኩርት በግመል ጭኖ ገበያ ይመጣል፤ ሸጦ ሲያበቃ ጥንቅሽ ታቅፎ ከእኛ ጋር ይቀመጣል። ስራጅ በሕይወቱ ፊልም አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ዳኛ አደረግነው። ያላየ ዳኛ አያዳላም ብለን።

"ወንድ ልጅ የካውቦይ ፊልም ሳያይ ከሚሞት ባይወለድ ይሻለዋል" ይላል ግርማ። "ፍርሃት እንዴት እንደሚዋጥ ያሳያል።"

"ወንድ ልጅ አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ማንም ሳያየው ማልቀስ አለበት" እላለሁ እኔ። "ለዚያ የህንድ ፊልም ነው።"

ስራጅ ጥንቅሹን በጥርሱ እየላጠ ሁለታችንንም ያዳምጣል። ከዚያ ለግርማ አንድ ጥያቄ ያቀርባል።

"ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲጋልብ ፈረሱን ማን አጠጣው?"

"ፊልም ላይ ፈረስ አይጠማውም።"

"እንግዲያ ውሸት ነው" ይልና ፍርዱን ለእኔ ይሰጣል። እኔ በደስታ ስስቅ፣ "ያንተውም ቢሆን" ይለኛል፣ "ያቺ ልጅ እየዘፈነች ስትሄድ ከብቶቹን ማን ጠበቀ?"

ያ ክርክር ለምን እንደዚያ ይጥመን እንደነበር አሁን ይገባኛል። ሌላ የሚወራ ጠፍቶ አይደለም። የሚወራው ሌላው ነገር የማይወራ ስለነበር ነው። ብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ጎረምሳ ይታፈሳል። የደጋ እናቶች ልጆቻቸውን ከቆላው ዘመድ ቤት፣ የቆላዎቹ ደግሞ ከማሽላ ማሳ ውስጥ ይደብቃሉ። እኛ ስለ ካውቦይ እንጨቃጨቃለን።

በኅዳር ወር፣ ማሽላው ሲቆረጥ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ከተማዋን ዞረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ፊልም ይታያል፤ መግቢያው በነጻ ነው። ግርማ ስሙን ያልነገሩን ፊልም ረብ የለውም ብሎ አጣጣለው። ስራጅ ግን በዕለቱ ገበያውን በጊዜ ጨርሶ፣ ግመሉን ለመንደሩ ሰው አደራ ሰጥቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

"ሁልጊዜ በጆሮዬ ነው የፈረድኩት" አለ። "ዛሬ በዓይኔ ልፍረድ።"

የአዳራሹ መስኮቶች በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍነዋል። ውስጡ የላብና የፀጉር ቅባት ሽታ ነው። ከፊት ነጭ አቡጄዲ ተወጥሯል፤ ውጭ የመብራቱ ሞተር ያጓራል። መጀመሪያ ሰልፍና ፋብሪካ አሳዩን፤ ከዚያ ዋናው ፊልም ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ነው። ቋንቋው የየት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግርማ እንደሚገባው ሰው ጮክ እያለ መተርጎም ጀምሮ ነበር፤ ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት፣ "ተወን ልጄ፣ ዓይናችን ይበቃናል" ሲሉት ዝም አለ።

እውነትም ዓይን ይበቃ ነበር። አንድ ገበሬ ትንሽ ሴት ልጁ ታማበታለች። ሐኪም ያለው ከተራራው ማዶ ነው። ሰውየው ፈረሱን ይዞ ይወጣል፤ ምድሩ ሁሉ ነጭ ነው፣ ሰማዩም ነጭ ነው።

ስራጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ይሄ ሁሉ ጨው ነው?"

"በረዶ ነው።"

"አይቀልጥም?"

"እዚያ አገር ቶሎ አይቀልጥም።"

ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ሰውየው ከፈረሱ ወረደ። የፈረሱን አንገት አቅፎ፣ አፉን ከአፍንጫው አስጠግቶ፣ በትንፋሹ ያሞቀው ጀመር። ስራጅ እጄን ያዘኝ። "ይሄኛው እውነት ነው" አለ።

ፈረሱ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ አንሸራተተው፤ በጉልበቱ ወደቀ። ሰውየው ልጓሙን ይዞ ወደ ኋላ ተንጋሎ ይስባል። በዚህ ጊዜ የአዳራሹ በር ተከፈተ።

የቆላ ፀሐይ እንደ ጎርፍ ገባ። ምስሉ ከአቡጄዲው ላይ አልጠፋም፤ ደበዘዘ እንጂ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ "ወጣት የሆነ ከቦታው እንዳይነሣ። እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ውጡ" አለ። ከኋላችን የነበሩት እናት የስራጅን ክንድ ይዘው፣ "ልጄ ነው፣ በሽተኛ ነው" አሉ። ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። ታጣቂው ጣቶቻቸውን ቀስ አድርጎ አላቀቃቸው።

ሁላችንም በሩን ስንመለከት ስራጅ አቡጄዲውን ይመለከት ነበር። የደበዘዘው ሰው የደበዘዘውን ፈረስ እየሳበ ነው። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ ላይ ወሰዱን። ደብረ ሲናን ስናልፍ የእናቴን ቤት ጣሪያ አየሁት፤ የምጮህበት አፍ ግን አልነበረኝም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወረደብን። ቆላ ለቆላ ያደጉት ልጆች በስስ ሸሚዝ እርስ በርስ ተጣበቁ። ስራጅ እጁን ዘርግቶ ጉሙን ሊጨብጠው ሞከረ።

"ሰውየው ይሄን ይሆናል የተሻገረው" አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ "ሐኪሙን አግኝቶት ይሆን?" ሲል ጠየቀኝ።

"አግኝቶት ይሆናል" አልኩት።

"ፈረሱስ?"

ክንዴን ትከሻው ላይ ደርቤ አቀፍኩት።

ደብረ ብርሃን ሁለት ሌሊት ካሳደሩን በኋላ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጥተው፣ መምህር መሆኔን አስረድተው አስፈቱኝ። ስለ ሌሎቹም ለመኑ፤ አልሆነላቸውም። ግርማ ከእኔ ጋር ተቃቅፎ አለቀሰ። ስራጅ አላለቀሰም። ትከሻዬን ይዞ፣ "መጨረሻውን ያየ ሰው ካገኘህ ጠይቅልኝ" አለኝ።

"አሁን ይሄ ምን ያደርግልሃል?"

"ስመለስ እፈርዳለሁ።"

ጠየቅኩለት። ያቺ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ግን ዳግመኛ ወደ ከተማችን አልመጣችም፤ በአዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ደግሞ ከዚያ አልፎ ያየ የለም።

ጥቂት ገበያ ካለፈ በኋላ አንድ ቀጭን ሽማግሌ በዚያው ግመል ማሾ ጭነው መጡ። የስራጅ አባት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ከኒሙ ሥር ተነሥቼ ቦታዬን ለቀቅኩላቸው። ሻይ አዘዝኩላቸው፤ እስኪቀዘቅዝ አልነኩትም።

"ልጄ ፊልም ሲያይ ነው የተያዘው ይሉኛል" አሉ። "ፊልም ምንድን ነው?"

"ጥላ ነው አባቴ። በመብራት ጨርቅ ላይ የሚጣል የሰው ጥላ።"

"ሰዎቹስ አሉ?"

"አንድ ቦታ ነበሩ። አሁን ያለው ጥላቸው ነው።"

አሰቡበት። "ያየውን ንገረኝ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስለ ጨው የጠየቀኝን ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። "ትንሽ ሳለ አፋሮች ከሚያወርዱት ጨው እየሰረቀ ይልስ ነበር" አሉ። ስለ ፈረሱ አፍንጫ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ በሩ ተከፈተ ብዬ እዚያ ላይ አቆምኩ። እሳቸውም ተነሥተው፣ "አላህ ይስጥልኝ" ብለው ሄዱ።

በሌላው ገበያም መጡ። ከዚያም በሌላው። ስለ ልጃቸው ወሬ እንዳለ ይጠይቃሉ፣ የለም እላቸዋለሁ፣ ከዚያ "እስቲ ያንን ንገረኝ" ይላሉ። ፊልሙን ስነግራቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ልጃቸው በነጻነቱ የመጨረሻ ሰዓት ያየውን ለማየት ነበር የሚደክሙት። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሰውየው እየመጣ ይቆምብኝ ጀመር። ልጓሙን ይዞ፣ ወደ ኋላ ተንጋሎ፣ ሳይሸነፍም ሳያሸንፍም።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። ጋሽ እንድሪስ በጣም ከስተው ነበር፤ ደስ እንዲላቸው ፈለግኩ። "ከዚያ ፈረሱ ተነሣ፤ ሰውየውም ሐኪሙን…" ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

"አይተኸዋል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያ አትጨምር።"

ቁጣ አልነበረበትም። ነገሩ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን፣ ከሰሜን በእግሩ የመጣው ሰው ሁሉ በሸዋ ሮቢት በኩል አለፈ። ጋሽ እንድሪስ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው የእያንዳንዱን ፊት ያዩ ነበር። ግርማም መጣ፤ አንድ እግሩ አይታጠፍም። "ከሥልጠናው በኋላ ለየብቻ ጫኑን" አላቸው። "እሱ ያለበት መኪና ከፊት ነበር። አቧራው እስኪውጠው አየሁት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።" ግርማ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ፊልም አንድም ቃል ሲተነፍስ አልሰማሁም።

የመንደሩ ሰዎች ለቅሶው ይቀመጥ፣ ዱዓ ይደረግለት ብለው ሽማግሌውን ጨቀጨቋቸው። እሳቸውም፣ "ያየ ሰው ይምጣ፤ ያን ጊዜ እቀመጣለሁ" አሉ። ያየ ሰው አልመጣም።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸው ደክሞ ገበያ መምጣት ሲያቅታቸው እኔ ወደ መንደራቸው ወረድኩ። ከአጥሩ ውጭ ሳለሁ ድምፃቸውን ሰማሁ። የልጅ ልጆቻቸውን ዙሪያቸውን አስቀምጠው ተረት የሚነግሩ መሰለኝ። ቆሜ አዳመጥኩ። በነጩ አገር ላይ የሚሄደው ሰው ስም ወጥቶለታል፤ ስራጅ ይሉታል። ስራጅ ፈረሱን አቀፈው። ስራጅ በትንፋሹ አሞቀው። እኔ ከነገርኳቸው አንዲት ነገር አልቀነሱም፣ ከስሙ በቀር አንዲት ነገርም አልጨመሩም። ፈረሱ በጉልበቱ ወደቀ ብለው አቆሙ።

"ከዚያስ አባባ?" አለች አንዲት ልጅ።

"ከዚያ በሩ ተከፈተ" አሉ።

ልጆቹ የሚስቁበትም የሚፈሩበትም ነገር አጥተው ተያዩ። እኔ እጄን በአጥሩ እንጨት ላይ አድርጌ ብዙ ቆምኩ፤ ሳልገባም ልመለስ ዳድቶኝ ነበር። በኋላ ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እጄን ያዙኝ፤ ያን ቀን ወሬ እንዳለ አልጠየቁኝም። በቀጣዩ ክረምት አረፉ።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ከበረንዳው ተመልሼ ለወጣቶቹ ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ምናልባት "እኔ ፊልም አላውቅም" ያልኩት ከብዶኝ ይሆናል። ክርክራቸውን ትተው አዳመጡኝ። የእህቴ ልጅ ሲሰናበተኝ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ እኮ የማይገኝ ፊልም የለም። እኔ እፈልግልሃለሁ" አለኝ። ልቡ እንዳይሰበር እሺ አልኩት።

እውነትም እየፈለገ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ መጥቷል፤ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቶ፣ "ይሄ ይሆን?" ይለኛል። በረዶው ሲመጣ ስልኩን ከእጁ እወስዳለሁ፤ ጥቂት ካየሁ በኋላ ሌላ ሰው፣ ሌላ ፈረስ መሆኑን አውቅና ራሴን እነቀንቃለሁ። በዚያ ቅጽበት ውስጤ የሚለቀኝ ነገር አለ፤ እፎይታ ይሁን ኀዘን ለይቼ አላውቀውም። ልጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በሩ ሲንኳኳ ፊልሙን አግኝቶት የመጣ እንዳይሆን ብዬ ትንሽ ቆይቼ ነው አሁን የምከፍተው።