ዐሥር ጣቶቼ በየሺ ቬሎ ላይ

ባለፈው ሳምንት ልጄ፣ ለምትዳር ጓደኛዋ የተከራዩትን ቬሎ በክንዷ ታቅፋ ገባችና፣ «እማ፣ ጫፉ ላይ የወጥ ጠብታ አለበት፤ በምን ይለቃል?» አለችኝ። «በእንዶድ ነዋ!» ስላት ስልኳን አውጥታ እንዶድ ምን እንደሆነ ትፈልግ ጀመር። ፍኖተ ሰላም ተወልዳ አድጋ እንዶድን በስልክ የምትፈልግ ልጅ ወልጃለሁ እንግዲህ፤ ምን ይደረግ! ገበያ ወርጄ አንድ እፍኝ አመጣሁና ሙቀጫ ውስጥ ስወቅጠው፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ብናኝ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰኝ። ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ጅጋ አጠገብ ካለችው መንደራችን፣ ከወንዙ ዳር፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ነበር።

ያን ዓመት ታላቅ እኅቴ የሺ ለቡሬ ሰው ታጭታ ነበር። በመንደራችን ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ታይታ አታውቅም፤ የሺ ግን አንድ ጊዜ ቡሬ ሄዳ በፎቶ ቤት መስኮት የተሰቀለ የሙሽራ ፎቶ አይታ ከተመለሰች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ስታልብም ቬሎ፣ ስትፈጭም ቬሎ። አባቴ ጭቅጭቁ ቢሰለቸው፣ ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ከጅጋ ገበያ ከሰልባጅ ነጋዴ ክምር ውስጥ አንድ ቬሎ መርጦ በጆንያ ጠቅልሎ ይዞላት መጣ። ሲዘረጋ እልል ልንል አፋችንን እንደከፈትን ቀረን። ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ አለ፣ ብብቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጫፉ ዙሪያውን ጭቃ ጠጥቷል። አባቴ የገዛው በሬ እንከን እንደወጣበት ሰው ቅር ብሎት «ነጭ አይደለም እንዴ?» አለና ወጣ።

እናቴ ደግሞ የራሷ ነገር ነበራት። ሁለት ክረምት ሙሉ ፈትላ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው፣ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ የሆነ ቀሚስ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሺን ይጠብቅ ነበር። ቬሎውን በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ «የማን ዕንባ እንደፈሰሰበት ሳላውቅ ልጄን አላለብሳትም!» አለች። የሺ አለቀሰች፣ አኮረፈች፣ እንጀራ አልበላም አለች። በመጨረሻ እናቴ ፈረደች፤ እስከ ዓርብ ማታ አንዲት ነጥብ ሳትቀር ከጸዳ የሺ ቬሎውን ትለብሳለች፣ አንዲት ነጥብ ከቀረች ግን የእናቷን ቀሚስ።

ሰኞ ማለዳ እትዬ ብርቄ ተጠሩ። እትዬ ብርቄ የቄሱ ባለቤት ናቸው፤ የባላቸውን ነጭ ጋቢና ጥምጥም ሲያጥቡ ዕድሜያቸውን ስለ ፈጁ፣ በነጭ ልብስ ጉዳይ ቃላቸውን የሚሽር አልነበረም። እድፉን አሸተቱ፤ ከዚያም፣ በስመ አብ! በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱት። «ይኼ የወይን ጠጅ ነው። ሰው ደስ ብሎት ያፈሰሰው ነው፤ ዕንባ አይደለም» አሉና እናቴን ገልመጥ አደረጓት። እናቴ ቀና ብላ ሰማይ ሰማይ አየች።

እንዲህ ያለ ሳምንት በሕይወቴ አላየሁም። የሺና ጓደኞቿ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ወንዙ ውስጥ ይቆማሉ፤ እንዶዱ አረፋውን ሲደፋ ያስነጥሳሉ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ትስቃለች፣ ሣቁ ማዶ ያሉትን አራሾች በሬ ያስቆማል፤ እትዬ ብርቄ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ቀስ በይ አንቺ፣ ዳንቴሉን እንደ ጆንያ አታሺው!» እያሉ ይቆጣሉ። እድፉ ላይ ሎሚ ከጨው ጋር ታሸበት፤ ከዚያ ቬሎው ለምለም ሣር ላይ ተዘርግቶ፣ ፀሐዩ እንዲያነጣው እኔ ቀኑን ሙሉ ውኃ እረጭበት ነበር። እናቴም ውኃ የምትቀዳ መስላ በየቀኑ ብቅ ትላለች፤ ደረቱን ገልጣ ታያለች፣ እንስራዋን አዝላ ትመለሳለች። የሺ የምታየው ልብሱን ሳይሆን የእናቴን ፊት ነበር።

ሐሙስ ማታ እድፉ የለም። የት ገባ? እትዬ ብርቄ እልልታቸውን አቀለጡት።

ዓርብ ረፋድ ላይ እንሶስላ ተወቀጠ። እንሶስላ ለማያውቅ ልንገረው፤ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይለሰንና በጉሎ ቅጠል ይታሰራል፤ ቀለሙ ቆዳ እስኪገባ ድረስ ታዲያ ንቅንቅ የለም። ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቿና እኔ፣ እጅና እግራችን ታስሮ ግድግዳውን ተደግፈን ተደርድረናል፤ ዝንብ አፍንጫችን ላይ ሲያርፍ እፍ ከማለት በቀር የምንችለው ነገር የለም። ቬሎው ለመጨረሻ ጊዜ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።

ያን ጊዜ ያ ቀበጥ ጥጃችን መጣ። ቬሎውን አሸተተው፣ ጫፉን ጎረሰው፣ ያላምጠው ጀመር። ሁሉም «ኧረ! ኧረ ሂድ!» እያሉ ይጮኻሉ እንጂ የሚነሣ የለም። እኔ ግን ምኑ ታየኝ! ብድግ ስል ቅጠሉ ከእጄም ከእግሬም ረገፈ፤ ሮጬ ቬሎውን ወገቡ ላይ በሁለት እጄ ጨብጬ ሳብኩ። ጥጃው ሳበ፣ እኔም ሳብኩ፣ አሸነፍኩ። በኩራት ዘወር ስል ሁሉም ዓይናቸውን ቬሎው ላይ ተክለዋል። ወገቡ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ዐሥሩም ጣቶቼ ቀይ ሆነው ታትመዋል።

እትዬ ብርቄ ጩኸቱን ሰምተው መጡ፤ ጠጋ ብለው አዩና «እንሶስላ ነዋ! ይኼ በእንዶድም በሎሚም አይለቅም» አሉ። እኔ ቀና ማለት አቅቶኝ እጄን እያየሁ ቀረሁ። እናቴ ከጓዳ ወጣች፤ ልብሱን አየች፣ የሺን አየች፣ ተመልሳ ገባች። አርጩሜ ልታመጣ ነው ብዬ ከእትዬ ብርቄ ጀርባ ተሸጎጥኩ። ይዛ የወጣችው ግን ያንን የሁለት ክረምት ቀሚስና መቀስ ነው። ቁጭ ብላ ጥለቱን ከቀሚሱ ላይ ዙሪያውን ቆርጣ አነሣችው።

«እማ ተይ! ኧረ በማርያም ተይ!» አለች የሺ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ እጅሽን ካነቃነቅሽ ቀለሙ ይበላሻል» አለቻት እናቴ፣ መርፌዋን እየሰካች።

ጀምበር ሳትጠልቅ ጥለቱ የቬሎው መቀነት ሆኖ ዐሥሩንም ጣቶቼን ሸፈነ። እሑድ የሺ በቡሬ ሰው ሁሉ ፊት ስትወርድ ሴቶቹ ወገቧን እየነካኩ «ይኼ ደግሞ የየት አገር ሞድ ነው?» ይሉ ነበር፤ በሚቀጥለው ጥር ጥለት የሌለው ቬሎ አንለብስም ያሉ ሙሽሮች እስከ ሽንዲ ድረስ እንደነበሩ ሰምተናል። ቬሎው ከእጅ እጅ በውሰት እየዞረ ስንቷን ዳረ! በተመለሰ ቁጥር አዲስ እድፍ ይዞ ይመጣል፣ እኛም እየሣቅን ወንዝ እንወርዳለን። በኋላ የወሰደችው ሳትመልሰው ቀረች፤ ይሁን፣ ወልዳ ትሳምበት።

ዛሬ ወንዙ በበጋ ይደርቃል። እትዬ ብርቄ አርፈዋል፣ እነዚያ ሣቂታ ሴቶች በየከተማው ተበትነዋል፤ አንድ ልብስ ለማጽዳት አንድ ሳምንት የሚሰጥ ሰው ከየት ይመጣል? እናቴም የለችም። ያንን ጥለት አልባ ቀሚስ እላይዋ ላይ እስኪያልቅ ድረስ ለቤተ ክርስቲያን ስትለብሰው ኖረች። አንድ ቀን ስታጣጥፈው አግኝቻት፣ «እውነቱን ንገሪኝ እማ፤ ቬሎው ሲበላሽ ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ብሎኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች። «እሰይ፣ የኔን ልትለብስልኝ ነው ብዬ ነበር። ዞር ስል የሺ ዕንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ታስሯል፣ መጥረጊያ የላትም። መቀሱን አመጣሁ።»