ስለ ስልሳው ወንበር

ባሌ አናጺ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ጸጥታ» ይለዋል። ሲናገር የሰማው ሰው ጥቂት ነዋ። እኔ ደግሞ የእሱን ድርሻ ደርቤ እንደምናገር እታማለሁ። ይሙኝ፤ ውሸት አይደለም።

ከአሥራ አንድ ዓመት ተኩል በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ለስብሰባ አዳራሹ ስልሳ ወንበር አዘዘው። እንጨቱን የገዛነው የአንገት ሐብሌን ሸጠን ነው። አራት ወር ሙሉ መላጊያውን ከእጁ ሳይለይ ሠራ። ወንበሮቹ ገቡ፤ ገንዘቡ ግን አልወጣም። ከተማችን እንደሆነች በዱቤ ያልወሰደችው አየሩን ብቻ ነው። የውኃ ፓምፑ በዱቤ፣ የመንገድ መብራቱ በዱቤ፣ የከንቲባው መኪና ጎማ እንኳ በዱቤ! ሦስት ከንቲባ ተቀያየረ፤ ሁሉም «ይሄ ካለፈው ሰው የመጣ ዕዳ ነው» እያለ ሄደ።

ታዲያ ባሌ ጮኸ? ተሟገተ? ምን ቆርጦት! ምክር ቤቱ በየወሩ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ አለው። ያን ቀን ባሌ ኮቱን ይለብስና ኮላውንና ትንሿን መዶሻ በከረጢት ይዞ ይወጣል። ሰው ሳይገባ ቀድሞ የላላውን የወንበር እግር ሁሉ ያጠብቃል። ከዚያ ኋላ ሄዶ ቁጭ ይልና ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመጣል።

«ዛሬስ ተናገርክ?» እለዋለሁ።

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዱ ላልቶ ነበር።»

ደሜ ይፈላል። «አንተ ሰውዬ፣ አልከፈሉህም እኮ! ጭራሽ በነፃ ትጠግንላቸዋለህ?»

«እስኪከፍሉ ድረስ የእኔ ናቸው» ይለኛል። በቃ፣ ለዚያ ወር ንግግሩን ጨረሰ ማለት ነው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠበበብን። አከራያችን ባሌ የሚሠራበትን ቤት ሊሸጠው ሆነ። ደግ ሰው ነውና «እስከ ወሩ መጨረሻ ቅድሚያው የእናንተ ነው» አለን። የወንበሮቹ ገንዘብ ቢመጣ ቅድመ ክፍያውን ይሸፍናል። ካልመጣ ባሌ ሃያ ዓመት የሠራበትን ቤት ለቅቆ ይወጣል። እጁ ሥራ ከፈታ ደግሞ ይህ ሰው ይታመምብኛል፤ አውቀዋለሁ።

በዚያው ሳምንት አዲሱ ከንቲባ፣ ገና ልጅ እግር ነው፣ የከተማዋን ዕዳ አጸዳለሁ ብሎ ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ከላይ የሚከፈሉት ዕዳዎች አሉ። ከታች ደግሞ «ባለመብቱ አሥር ዓመት ሙሉ በጽሑፍ ያልጠየቀው፤ የሚሰረዝ» ይላል። እዚያ ሥር ሦስተኛው መስመር ላይ ስልሳ ወንበር!

«አንዲት ብጣሽ ወረቀት መጻፍ ያቅትህ?» ብዬ እዚያው መንገድ ላይ ጮህኩበት።

«ጠይቄያለሁ» አለ።

«ማንን? ወንበሩን?»

እሱ መንገዱን ቀጠለ። እኔም የስብሰባው ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኩት። አዳራሹ በር ላይ እትዬ መዝገብ ተቀምጠዋል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ወረቀት መጣል አይሆንላቸውም ተብለው ስንት ተቀልዶባቸዋል። የገባ ሁሉ ስሙን፣ የመጣበትን ጉዳይና ፊርማውን እሳቸው ፊት ባለው ወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ስብሰባው ሲያልቅ እሳቸው ማኅተም ይመቱበታል። እኔ ስሜን ጫር አድርጌ ላልፍ ስል ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጉዳይሽን ሳትጽፊ አይገባም።»

«ልጣላ» ብዬ ጻፍኩ። አንብበው አሳለፉኝ።

ከንቲባው ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። «ስልሳ ወንበር። የደብዳቤ ፋይሉ ታይቷል፤ ጥያቄ አልቀረበም። ይሰረዝ የምትሉ?»

እጆች ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ ብድግ አልኩ። «እጃችሁን የምታወጡት የማን ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከንቲባው ላብ በላብ ሆነ። «እናቴ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ደንቡ በጽሑፍ ይላል። አንዲት ወረቀት ብቻ ያምጡልኝ።»

ያኔ ከኋላ ባሌ ተነሣ። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ጉሮሮውን ጠረገና «እትዬ፣ የበሩን ወረቀት ቢያመጡልኝ» አለና መልሶ ቁጭ።

እትዬ መዝገብ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም! በገመድ የታሰረ ክምር ተሸክመው መጥተው ከንቲባው ፊት ዘረገፉት። ከንቲባው አንዱን አነሣ። የባሌ ስም። ጉዳይ፦ የስልሳው ወንበር ክፍያ። ፊርማ፣ ቀን፣ ከግርጌ የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም። ሌላ አነሣ፤ ያው። ሌላም፤ ያው። አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ወረቀት! ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ደብዳቤ ብቻ ሲፈልጉ በሩን ረሱት።

ከአሥራ አንዱ ዓመት አንድ ወር ብቻ ጎደለ። ከንቲባው የሚቀጥለውን ወር ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ባለፈው ወር የቀረሁት ሴት ልጅ ተወልዳልኝ ነው። የወንበሮቹን ክፍያ ግን አልተውኩም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ልቤ ቅልጥ አለ። ዲዳ ነው እያልኩ ስበጠብጠው የኖርኩት ሰውዬ ለካ በየወሩ ሲናገር ነው የኖረው! እንባዬና ሳቄ አንድ ላይ መጣ።

«ይከፈል የምትሉ?» አለ ከንቲባው። የምክር ቤቱ አባላት ሁሉ እጃቸውን አወጡ፤ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው ሕዝብም አወጣ። ከንቲባው መጥቶ የባሌን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «ጋሼ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥተው ቢናገሩ?»

ባሌ አሰብ አደረገ። «ተራ አልደረሰኝም» አለ።

ገንዘቡ በሳምንቱ ወጣ፤ ቤቱም የእኛ ሆነ። እሰይ!

በሚቀጥለው ወር ታዲያ ባሌ ኮቱን ለብሶ ከረጢቱን ሲያነሣ አየሁት።

«ወዴት ነው? ከፍለዋል እኮ! ወንበሮቹ አሁን የእነሱ ናቸው።»

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ...» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም፤ እኔም ጫማዬን አጠለቅኩ።

በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «የላላ እግር» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን አቀበለኝ። እትዬ መዝገብ ባለፈው የጻፍኩትን አልረሱም፤ በመነጽራቸው አናት አሻግረው ያዩኛል።

«ከባሌ ጋር ልቀመጥ» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ስብሰባው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቁም፤ እዚያው ማኅተሙን መቱበት።