የእህቴ ስልክና የሦስት መቶ ሰው ልክ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሬ» ይላታል። እኔ ግን እትዬ ነው የምላት፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ሌላ ስም ብጠራት ደግሞ ትቆጣለች። የምንሠራው አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። መጨቃጨቁን ማንም አላዘዘኝም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው።

እትዬ ልክ በወረቀት አትይዝም። ሁለቱም እጆቿ ሜትሩ ላይ ናቸው፤ እርሳስ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ አልተፈጠረላትም። ስለዚህ ስልኳን በማንገቻ ደረቷ ላይ ታንጠለጥልና በጎኑ ያለችውን ቁልፍ በአገጯ ጫን ታደርጋለች። ስልኩ መቅዳት ይጀምራል። ሰውየውን እየዞረች «ትከሻ አርባ ስድስት፣ ደረት መቶ ሁለት» ትላለች። ሰውየው ከወጣ በኋላ ደግሞ አንዴ በአገጯ ትጫንና ፊት ለፊት የማይባለውን ትጨምርበታለች። የማን ትከሻ ወደ አንድ ጎን እንደተንጋደደ፣ ማን ሲለካ ትንፋሹን እንደያዘ፣ ማን ጠባብ ልብስ እየወደደ ጠባብ ልብስ እሱን እንደማይወደው። ልብሱ የሚያምረው በዚህኛው ክፍል ነው። እንዲህ እያለች በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ስልኩ ውስጥ አስገብታለች።

አንድን ሰው ሁለቴ መለካት ለእሷ ውርደት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓይኔ ይከታተለዋል ትላለች። ከሁሉ በላይ የምትኮራው ደግሞ ሳታያቸው በምትሰፋላቸው ሰዎች ነው። ርቀው የሄዱ ደንበኞች ጨርቅ ይልኩላታል፤ እሷ ድምፁን ከፍታ ሰምታ ትሰፋና ትልክላቸዋለች።

የእነዚህ ሰዎች አውራ ታናሽ ወንድማችን ነው። ማሙሽ እንለዋለን፤ ማሙሽ ዘንድሮ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶታል። እናታችን ቶሎ ስላለፈች ያሳደገችው እትዬ ናት። ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የለካችው ልክ የዚህ ስልክ የመጀመሪያ ቅጂ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሙሉ ልብስ ትልክለታለች፤ እሱም በየዓመቱ ደውሎ «እትዬ፣ ልክክ ነው ያለው» ይላታል። ያን ቀን መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ይህን ሳይሰማ አያልፍም። ለጥየቃ ሲመጣም ያንኑ ልብስ ለብሶ ነው፣ እውነትም ልክክ ብሎታል። አንድ ጊዜ «ወፈር አላለም እንዴ?» ብላት «ጥሩ ልብስ ሰውን ያገዝፋል» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ ግን ስልኩ አንድ መልእክት ይዞ ብቅ አለ። አነበብኩላት። መቅጃው አፕ ከወሩ መጨረሻ በኋላ በዚህ ስልክ ላይ አይከፈትም፣ ስልኩ አፕዴት ከተደረገ ግን ይሠራል ይላል። ስልኩን አፕዴት ሁን ስንለው ደግሞ «ምንም አዲስ ነገር የለም» ይላል። አንዱ አርጅተሃል ይለዋል፣ ሌላው ምንም አልሆንክም ይለዋል፣ እኛ መሃል ላይ ተገትረናል።

ይዘነው ማዶ ወዳለው ሞባይል ሠሪ ሄድን።

«ይሄ ሞዴል እኮ ከምርት ወጥቷል እትዬ ሜትሬ» አላት። «ካምፓኒው መሥራት ካቆመ አራት ዓመት ሆነው።»

«እኔ አዲስ ስጠኝ አላልኩህም። ይኸው በእጄ አለ።»

«አፕዴትም እየላኩለት አይደለም። ማለቴ፣ አንድ የመጨረሻ ይመጣል እየተባለ ነው። ሊመጣም ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል።»

«መቼ ነው የሚታወቀው?»

«አይታወቅም።»

«የሚያውቀውስ ማን ነው?»

ሰውየው ጭንቅላቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እነሱ ራሳቸው የሚያውቁት አይመስለኝም።»

የእትዬ ደም ፈላ። «ደንበኛ መጥቶ ሱሪዬ መቼ ይደርሳል ሲለኝ፣ ሊደርስም ይችላል ላይደርስም ይችላል ብለው ምን ይለኛል? አብደሻል አይለኝም? እነዚህ ግን ይህን ብለው በሰላም ይተኛሉ።»

ሞባይል ሠሪው ሊያበርዳት ብሎ አንድ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ስልክ አወጣላት። እትዬ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። በጎኑ የምትጫነው ቁልፍ የለም፣ ሁሉ ነገር መስታወት ነው። ቢሆንም ልሞክር ብላ በአገጯ ነካ ብታደርገው መቅዳቱን ትቶ ሞባይል ሠሪው የመዘገበው አንድ ቁጥር ላይ ደወለ፤ «ሃሎ፣ ጋራዥ ነው» የሚል ድምፅ ከደረቷ ወጣ። አውልቃ መለሰችለት።

ድምፁን ወደ ሌላ ስልክ ማዛወርም አልሆነም። ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላውን ሁሉ ረስቷል፤ አፑም ልላክ ሲሉት እምቢ ይላል። የቀረን መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፦ አንድ በአንድ እየከፈቱ መስማት፣ እየሰሙ መጻፍ። ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች መገመት አያቅትም። ወፍራም መዝገብ ገዛሁና ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥኩ። የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ከሞተ ስለቆየ ሁሉም የሚወጣው በትልቁ ድምፅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጉድ ፈላ። ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር መጋረጃው ጀርባ ገብተው ሱሪ እየሞከሩ ነበር። እኔ ደግሞ መኖራቸውን ረስቼ የሚቀጥለውን ቅጂ ከፈትኩ። እትዬ ከስልኩ ውስጥ ጮክ ብላ ተናገረች፦ «ርዕሰ መምህሩ፤ ወገብ ዘጠና ስድስት። ሲለኩ ሆዳቸውን ውጠውት ነበር፣ መቶ ብለሽ ያዢ። ተማሪ ሲቆጡ ኖረው አንገታቸው ወደ ፊት ሰበቅ ብሏል፣ ኮሌታው ከኋላ ከፍ ይበል። መልከ መልካም ሽማግሌ ናቸው፤ ግን እንዳይሰሙ።»

እትዬ ከነመቀሷ ደርቃ ቀረች። እኔ ምድር ብትከፈት በደስታ እገባ ነበር። መጋረጃው ተገለጠና ርዕሰ መምህሩ ያልተቆለፈ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

«መቶ ነው ያለችው?»

«ዘጠና ስድስት ነው ጋሼ፣ ስልኩ እኮ አርጅቶ…»

«እሱን ተይው» አሉኝ። «መጨረሻ ላይ ያለችውን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ ሦስቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ወገቤን እንደገና ካላስለካሁ አልሄድም ብለው ሆዳቸውን ለቀቁት፤ መቶ ሁለት ሆነ። እየሳቁ ወጡ፣ ወሬውንም ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ አግዳሚ ወንበራችን ሞላ። ሁሉም የራሱን መስማት ፈለገ። እትዬ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ አልወጣችም፤ የሳቁ ብዛት ነው ጎትቶ ያወጣት። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ከሰባት ዓመት በፊት የተቀዳውን የእሷን ሰማች፦ «ወገብ ሰባ አራት። ሁለት ነፍስ ናት፣ አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኋትም። ከፊት ቁልፍ ይሁንለት፣ ለማጥባት ያመቻታል።» ነርሷ ከሳቅ የተነሳ ወንበሩን ይዛ «ያኔ እኮ ባሌም አያውቅም ነበር» አለች። አንዳንዱን ደግሞ ገና ሲጀምር ቶሎ ዘጋሁትና የልኩን ባለቤት ብቻዋን ጠርቼ አሰማኋት። ሰው ሁሉ የሚስቅበት ገላ የለውም፣ እትዬም ይህን ታውቃለች፤ እነዚያን የቀዳችው በሹክሹክታ ነው።

አንድም ሰው አልተቀየመንም። እንዲያውም ልኩን በየተራ እያስተካከለ አጻፈን። ሞባይል ሠሪው በየቀኑ ብቅ እያለ «አፕዴቱ እስካሁን የለም» ይለናል፣ እኛም እሱን ከሰማን በኋላ ሥራችንን እንቀጥላለን። ስልኩ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ስለሚደረድር፣ በወሩ የመጨረሻ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ብቻ ቀረን። የማሙሽ።

የልጁ ድምፅ ከእትዬ ድምፅ ጋር አብሮ ገብቷል። «እትዬ ኧረ ትኮረኩሪኛለሽ» እያለ ይስቃል። እሷ «ቁም ዝም ብለህ» ትለዋለች። «ደረት ዘጠና ሁለት፣ ወገብ ሰማንያ ሁለት።» ጻፍኩት። እትዬ መዝገቡን ወስዳ የራሷን ልጅ ፎቶ እንደምታይ እናት አየችውና «ደውይለት» አለችኝ።

«ማሙሽ፣ ልክህ ተረፈ» አለችው። «ስልኩ ቢሞት ባይሞት ግድ የለኝም። ወገብ ሰማንያ ሁለት፣ ይኸው በቀለም ተጽፏል።»

ማሙሽ ወሬውን ሊቀይር ሞከረ። ከኋላው የሚስቱ ሳቅ ተሰማ፤ «ንገራቸው እንጂ፣ እስከ መቼ ልትደብቅ ነው?» አለችው።

«ምኑን ነው የምትነግረኝ?» አለች እትዬ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሰማንያ ሁለትን ከተውኩት ቆየሁ። ዘጠና ገብቻለሁ፤ የሚስቴ ወጥ ነው ጉዱ።»

«እና ልብሱስ?»

«እዚህ አንድ ሰፊ አሉ። ሲደርሰኝ እወስድላቸውና ያስተካክሉልኛል።»

«የትኛውን?»

«ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀር ሁሉንም።»

እትዬ ደህና ዋል ሳትለው ስልኩን ዘጋች። የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች እንጂ አልሰፋችም። ቅስሟ ሲሰበር አይቼ አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን አየሁ። አንጀቴን በላችው።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያሞኘኝ» አለች።

«አዝኖልሽ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው ያናደደኝ።» ሜትሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ነገ ሱቁ ዝግ ነው። ሄጄ ማየት አለብኝ።»

«ማሙሽን?»

«ሰፊውን።»

ብቻዋን ብለቃት ከሰውየው ጋር ትያያዛለች ብዬ ፈራሁና አብሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አምስት ሰዓት ሙሉ ሜትሯን እየፈታች መልሳ ጠቀለለች። ማሙሽ በሩን ሲከፍት የዘንድሮውን ኮት ለብሷል። ልታቅፈው እጇን ትዘረጋለች ብዬ ስጠብቅ ኮቱን ገልብጣ ገበሩን ማየት ጀመረች። ስፌቱን በጥፍሯ ተከተለችው። «የሰውየው እጅ ንጹሕ ነው» አለች፤ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ሆና ነው የተናገረችው።

የሰፊው ሱቅ ከእኛም ይጠባል። አንድ መነጽር ያደረጉ አዛውንት መርፌ ውስጥ ክር እያስገቡ ነበር።

«በእኔ ልብስ ውስጥ እጅዎን የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው።

አዛውንቱ እሷን አዩ፣ ከኋላዋ ከሚስቱ ጋር የቆመውን ማሙሽን አዩ፣ መርፌያቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

«እርስዎ ነዎት ማለት ነው» አሏት። «እህቴ፣ ስንት ዓመት ላይዎት ስመኝ ነበር። እኔ ዘንድ የሚመጣው ልብስ ሁሉ ውስጡ ሲታይ ተቆንጥጦ የተሰፋ ነው፤ ሰውየው ትንሽ ከተለወጠ ልብሱ አበቃለት። የእርስዎን ስፈታው ግን በየስፌቱ ሁለት ጣት ጨርቅ ታጥፎ ይጠብቀኛል። በየዓመቱ። ይህን የሰፋች ሴት ይህ ልጅ እንደሚለወጥ ታውቃለች እያልኩ ለሚስቴ እነግራት ነበር። እኔ መች ሠራሁ? ያስቀመጡትን ለቀቅ አደረግኩ እንጂ።»

እትዬ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ለማንም ሰው ሁለት ጣት አልተውም» አለች ቀስ ብላ። «ጨርቅ ማባከን ነው። ለእሱ ግን… ልጅ ሳለ በየስድስት ወሩ ይጠበው ነበር። ሌላ መግዣ ስላልነበረን ከወዲሁ ትርፍ እየተውኩ፣ ሲያድግ እየለቀቅኩ ነበር የማለብሰው። ታዲያ እጄ እስከ ዛሬ እንደዚያው ሲሠራ አላወቅሁም።»

ማሙሽ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። እትዬ ግን መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ ሁላችንም እስክንስቅ ድረስ ሳቋን አላቆመችም። እንባዋን ጠርጋ ሜትሯን አወጣችና ወንድሟን ከሱቁ መሃል አቆመችው። አዛውንቱ ሳይጠየቁ ደብተራቸውን ከፈቱ።

«እርስዎ ይለኩ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«ትከሻ አርባ አምስት» አለች እትዬ ዙሪያውን እየዞረች። «ደረት መቶ አንድ። ወገብ ዘጠና አንድ።»

«ትርፉን ስንት ጣት ልበል?»

እትዬ ቀና ብላ የወንድሟን ሆድ አየች፣ ዘወር ብላ ደግሞ ሚስቱን አየቻት።

«ሦስት» አለች።